ዝናብ ሲነካው የሚነክስ የእንጨት ሮለር

ጥያቄ፦ ያረጀ የእንግሊዝ የእጅ ሣር ማጨጃ አለኝ። የፊቱ የእንጨት ሮለር በስብሶ ስለነበር ከአንድ ወጥ እንጨት በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) አስወጥቼ ገጠምኩለት። መጀመሪያም ቢሆን ሣሩን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ከፍ ዝቅ እያደረገ ነበር የሚቆርጠው። ዝናብ ካገኘው ወዲህ ደግሞ ዘንጉ ላይ ነክሶ አልዞር ብሏል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ችግር የመጣው ዘንጉ ከሚያልፍበት የሮለሩ ቀዳዳ ነው። የሮለሩ ዲያሜትር ወደ 60 ሚ.ሜ. ከሆነ አንድ ዙር ሲዞር 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የሣርዎ ከፍ ዝቅም የሚደጋገመው በዚያው ርቀት ስለሆነ ቀዳዳው መሃሉን ስቷል ማለት ነው። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው መጀመሪያ ተቀርጾ ኋላ ሲበሳ ነው፤ ፑንታው (መብሻው) የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ወደ ጎን ይሸሻል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ መጀመሪያ ይብሱ፣ ከዚያ ቀዳዳውን መነሻ አድርገው ይቅረጹ።

መንከሱን በተመለከተ፣ እንጨት በረጠበ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ሙሉው እኩል ከራሰ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። የሚጠበው ውሃው በዘንጉ በኩል ገብቶ የውስጡን ብቻ ሲያርስ ነው። ደረቁ የውጭ ክፍል አላላውስ ስለሚለው ያበጠው እንጨት ወደ ቀዳዳው ይገፋል፤ ከዘንጉ ዝገት ጋር ሲደመር ጥርቅም ይላል። በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ እንጨትም እየደረቀ ሲሄድ ቀዳዳው ሞላላ ይሆንና ይነክሳል።

ያሁኑን ለማዳን አይድከሙ፣ እንደገና ይሥሩት። ወጥ አድርገውም አይሥሩት። የድሮዎቹ ሮለሮች በቁርጥራጭ የሚሠሩት እንጨት ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ሲታጠፍ የውጭው ጫፍ ከውስጠኛው ይበልጥ ስለሚጓዝ፣ ቁርጥራጮቹ ለየብቻ ካልዞሩ ሮለሩ ሣሩን ይፍቃል።

እንጨቱ ጠንካራ፣ ጅማቱ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለው ይሁን። ቢች ወይም አሽ የሚባሉት የአውሮፓ ዛፎች እንጨት ይሆናል። ኦክ የሚባለው ግን ሲረጥብ ብረት በነካው ቦታ ይጠቁራል፣ ብረቱንም ያዝጋል። የግንዱን እምብርት የያዘ ቁራጭ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ወፍራም ደረቅ እንጨት ካጡ ሁለት ጣውላ ውሃ በማይፈታው ኤፖክሲ ሙጫ ማጣበቅ ይሻላል። የጅማቱ አቅጣጫ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ በርዝመቱ በኩል እንጨት አበጠ የሚባል አይደለም።

ዲያሜትሩን የሚለኩት ከተበላው መሃል ሳይሆን ከጫፉ፣ ካልተበላው ቦታ ነው። ለ60 ሚ.ሜ. ሮለር 70 በ70 ሚ.ሜ. የሆነ ቋሚ ይቁረጡና ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይከፋፍሉት። እያንዳንዱን ቁራጭ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሃል ይብሱት። ዘንጉ 12.7 ሚ.ሜ. (ግማሽ ኢንች) ከሆነ ቀዳዳው 13.5 ይሁን። ከዚህ ከጠበበ ይነክሳል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ ሮለሩ እየተንገጫገጨ ራሱን ይበላል። ዘላቂ ነገር ከፈለጉ በየጫፉ 20 ሚ.ሜ. የሚገባ የናይለን ቱቦ ይክተቱበት፤ ከዚያ ብረት ከእንጨት ጋር አይፋተግም።

አሁን ሁሉንም ቁርጥራጭ ቀጥ ባለ፣ ቀዳዳውን ልክ በሚሞላ የብረት ዘንግ ላይ ደርድረው በሮንዴላና በዳዶ ጠበቅ ያድርጉና ባንድ ላይ በቶርኖ ይቅረጹ። እንዲህ ሲሆን ዲያሜትራቸው እኩል ይወጣል፤ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለኩት ልዩነቱ ከ0.3 ሚ.ሜ. አይብለጥ። የሁለቱን የዳር ቁርጥራጮች የውጭ ጠርዝ በ5 ሚ.ሜ. ያክብቡት፣ አለዚያ ሣሩ ላይ ሰረዝ ይተዋል። የመሃሎቹን ስል ጠርዝ ብቻ መስበር ይበቃል።

ቫርኒሽ አልመክርም። ጠጠር ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። የተቀቀለ የተልባ ዘይት ይሻላል፦ የመጀመሪያው ቅብ ከተርፔንታይን ጋር እኩል ተቀላቅሎ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ንጹሕ ዘይት፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እያደረ። ብዙውን የሚጠጡት ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎችና የቀዳዳው ግድግዳ ስለሆኑ እነሱን እስኪጠግቡ ያጠጡ። ዘይት የነካውን ጨርቅ አጨማደው አይጣሉት፤ በራሱ ሊቃጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ዘንጉን ከዝገት አጽድተው በሰም ይሹት። ግሪስ አሸዋ ይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቅ ይቅር። ሲገጥሙ በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. የጎን ክፍተት ይተዉ፤ ቁርጥራጮቹ በጣት ሲገፉ በነፃ መዞር አለባቸው። ማሽኑን ገልብጠው ሲሠሩ የኋላው ሮለር ቢላውንም ስለሚያዞር ጣትዎን ያርቁ፤ ማርሹን የሚያላቅቅ ማንሻ ካለው አስቀድመው ያላቅቁት።

በመጨረሻ ቀጥ ያለ ብረት ከፊቱ ሮለር እስከ ኋላው ያጋድሙና፣ ከብረቱ እስከ ታችኛው ቋሚ ቢላ ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነት ካለ እንጨቱን አይንኩ፤ የሮለሩን ደጋፊ ብሎኖች አላልተው፣ ዝቅ ያለውን ጎን አስተካክለው መልሰው ያጥብቁ።