መድኃኒት የተላመደ የጡት ካንሰር፦ ስለ ሆርሞን ሕክምና ጥያቄና መልስ

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ታሞክሲፌንና መሰሎቹ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ብዙዎቻችሁን የሚመለከቱትን መርጫለሁ። መድኃኒት መቀየርም ሆነ ማቆም ያለባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተመካክራችሁ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ታሞክሲፌን ከጀመረች 4 ዓመቷ ነው። አሁን ካንሰሩ አጥንቷና ጉበቷ ላይ ታየ ተባልን። ሰውነቷ ኪኒኑን ለመደው ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የለመደው ካንሰሩ ነው። ታሞክሲፌን፣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሴሉ ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ (ሪሴፕተር) ይዞ ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳያሳድገው ይከለክላል፤ ጊዜ ሲረዝም አንዳንድ ሴሎች ሌላ የማደጊያ መንገድ ያገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ቢያገረሽ ኖሮ ካንሰሩን መድኃኒቱ ከመነሻው ያልበገረው ነው ይባል ነበር። እንደ እናትሽ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ሌላ የሆርሞን መድኃኒት የመሥራት ዕድሉ የተሻለ ነው። ሐኪሙን አዲስ ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ጠይቂው። ሪሴፕተሩ ጠፍቶ፣ ሄር 2 (ካንሰሩን የሚያሳድግ ሌላ ፕሮቲን) ተቀይሮ ሊገኝ ስለሚችል በድሮው የናሙና ምርመራ (ፓቶሎጂ) ውጤት ብቻ መወሰን አይበቃም። የአጥንት ናሙና ሲዘጋጅ ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል፣ ከተቻለ ከጉበቷ ቢወሰድ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። ታሞክሲፌን አልሠራም ተብሎ ሌትሮዞል ታዘዘልኝ። የወር አበባዬ በኬሞው ጊዜ ቀርቶ ነበር፣ አሁን አልፎ አልፎ ይመጣል።

መልስ፦ ነገ ሳትዪ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ሌትሮዞል የሚከለክለው አሮማቴዝ የተባለው ኤንዛይም በስብና በመሳሰሉት ውስጥ የሚሠራውን ኤስትሮጅን ነው። ኦቫሪሽ (እንቁላል ማምረቻሽ) እየሠራ ከሆነ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም ኦቫሪውን ሊቀሰቅሰው፣ ሳታስቢው ልታረግዢም ትችያለሽ። ኦቫሪውን ሥራ የሚያስቆም በየወሩ የሚወጋ ጎሴረሊን ወይም ኦቫሪ የማውጣት ቀዶ ሕክምና አብሮ ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙዎቹ ታማሚዎች ገና ያላረጡ ናቸውና ይህ ነገር እጅግ ያሳስበኛል። በኬሞ ምክንያት የወር አበባ መቅረቱ አርጣለች አያሰኝም።

ጥያቄ፦ ወበቁና ላቡ እንቅልፍ ነሳኝ። ፓሮክሲቲን ታዘዘልኝ፤ ከታሞክሲፌን ጋር ይስማማል?

መልስ፦ አይስማማም። ታሞክሲፌን ሥራውን በደንብ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ወደ ኢንዶክሲፌን ሲለወጥ ነው፤ ለድብርት የሚሰጡት ፓሮክሲቲንና ፍሉኦክሲቲን ይህን ለውጥ ያግዳሉ። ለወበቁ ቬንላፋክሲን የተሻለ ምርጫ ነው። ፓሮክሲቲንን ግን በአንዴ አታቋርጪው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሁዳዴን ሙሉ ጸበል ስለገባሁ ታሞክሲፌኑን ትቼው ነበር። ለሐኪሙ ለመናገር አፈርኩ።

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ ይንገሩት። እርስዎ ካልነገሩት፣ ካንሰሩ ቢያድግ መድኃኒቱ ሳይወሰድ መቅረቱን ሳያውቅ ተላምዶታል ብሎ ወደ ሌላ መድኃኒት፣ ምናልባትም ወደ ኬሞ ሊወስድዎ ነው። ታሞክሲፌን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ ጾም ሲገድፉ ወይም ማታ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱት። ጸበሉን እየተጠመቁ ኪኒኑን መዋጥ ይቻላል፤ የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ፓልቦሲክሊብ (የካንሰር ሴል እንዳይባዛ የሚገታ ኪኒን) ከሌትሮዞል ጋር ስወስድ ቆይቼ አሁን ስካኑ እድገት አሳየ። ቀጥሎ ኬሞ ብቻ ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጉበት ወይም ሳንባን በፍጥነት እየጎዳ ከሆነ ኬሞ ይቀድማል። ያ ካልሆነ፣ ሕክምናው ሳይቀየር የካንሰሩን የዘር (የጂን) ለውጥ የሚያሳይ የደም ምርመራ ጠይቂ። የኤስትሮጅን ሪሴፕተር የሚሠራበት ኢኤስአር1 የተባለው ጂን ላይ ለውጥ ካለ ሪሴፕተሩ ያለ ኤስትሮጅንም ይሠራል፤ ስለዚህ ኤስትሮጅን የሚቀንሱት እንደ ሌትሮዞል ያሉት ፋይዳቸው ይቀንሳል። ሪሴፕተሩን ራሱን የሚያፈርሱ መድኃኒቶች የሚያስፈልጉት ያኔ ነው፦ በመርፌ የሚሰጠው ፉልቬስትራንት፣ ወይም አሜሪካ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ኪኒን ኤላሴስትራንት። ፒአይኬ3ሲኤ የተባለው የሴልን እድገት የሚያዝ ጂን ላይ ለውጥ ከተገኘ፣ ከ100 ታማሚዎች 40 ገደማ አላቸው፣ አልፔሊሲብ ወይም ካፒቫሰርቲብ ከፉልቬስትራንት ጋር ይሰጣል። ሁለቱም የደም ስኳር ስለሚጨምሩ፣ በተለይም አልፔሊሲብ፣ ስኳር ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ለውጥ ባይገኝም ኤቨሮሊመስ የተባለ ኪኒን አለ። አዲስ አበባ ላሉ እህቶቼ የእነዚህ ዋጋ ከአቅም በላይ መሆኑ ያንገበግበኛል፤ ፉልቬስትራንትን ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ተልባ ሆርሞን አለው ይላሉ፤ ልተው?

መልስ፦ እንደ ምግብ ብትጠጪው ጉዳት እንዳለው የታየ ነገር የለም። የተልባም ሆነ የአኩሪ አተር ተዋፅኦ በእንክብል ተዘጋጅቶ ሲሸጥ ግን አትግዢ።