የካሜራ ገመድና የሶኬት ሽቦ በአንድ ቱቦ?

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ልስን ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «የካሜራውንና የኢንተርኔቱን ገመድ በሶኬቱ ቱቦ ውስጥ ልሳበው፤ ግድግዳ ከመፈልፈል ያድንዎታል» ይለኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አይፍቀዱለት። ብዙ ሰው የሚፈራው ኢንተርኔቱ እንዳይንቀራፈፍ ነው። የኔትወርክ ገመድ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ ስለሆነ ከኤሌክትሪኩ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ረብሻ በአብዛኛው ይቋቋማል። ለዚህ ነው «ዓመታት ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም» ሲባል የሚሰማው። እኛን የሚያሳስበን የሰው ሕይወት ነው።

የሶኬቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የለበሰው አንድ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ሌላ ገመድ በላዩ ላይ ሲጎተት፣ በተለይ ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ፍትጊያው ፕላስቲኩን አግሎ ሊቆርጠው ይችላል። ሽቦው ላይ 450/750 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የኔትወርክ ገመድ ሽፋን ግን ለቤት ኤሌክትሪክ ታስቦ አልተሠራም። ሁለቱ ከተነካኩ 220 ቮልት እስከ ካሜራው የብረት አካል ሊደርስ ይችላል። ካሜራው ከመሬት መስመር ጋር ካልተያያዘ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር አያቋርጥም፤ የሚያልፈው ከረንት ለእሱ በጣም ትንሽ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ ካሜራውን የሚያጸዳውን ሰው ለመግደል ግን ይበቃል። የብሪታኒያው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ቢ ኤስ 7671ም ሁለቱን ዓይነት ገመዶች ያለ ክፍልፍል በአንድ ቱቦ የሚፈቅደው፣ እያንዳንዱ ገመድ እዚያ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል ሽፋን ሲኖረው ነው።

ልስኑ ስላልተጀመረ መፍትሔው ቀላል ነው። ለብቻው ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያስቀብሩ፤ አራት ካት 6 የተባለውን የኔትወርክ ገመድ ይይዛል። ከኤሌክትሪኩ ቱቦ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከምጣዱ መስመር ጋር ረጅም መንገድ አብሮ የሚሄድ ከሆነ 20 ቢሆን ይሻላል። መሻገር ግድ ሲሆን በ90 ዲግሪ ይሻገር። በሁለት የማገናኛ ሳጥኖች መካከል ከሁለት በላይ መታጠፊያ አይኑር። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሳጥኑ ነው፦ ቱቦዎቹ ተለያይተው መጥተው አንድ ሳጥን ውስጥ ከተገናኙ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቤት ተቀብቶ አልቋል፤ የበሩ ኢንተርኮም ገመድ ከሶኬቱ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጠው፣ የኢንተርኮሙን ገመድ ቀስ ብለው ያስወጡት። ከያዘ በጉልበት አይሳቡ። ሲወጣም ሽቦውን ሊልጥ ስለሚችል፣ ኃይል ከመመለሱ በፊት ባለሙያ ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅሎ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ይለካው፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ሽቦው ይቀየር። አዲሱን ገመድ በግድግዳው ላይ በትራንኪንግ (ከላይ በሚለጠፍ የገመድ መሸፈኛ) ያሳልፉት። «ፋይበር ከሆነስ?» ለሚሉ፦ ፋይበሩ ራሱ የመስታወት ክር ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ወደ ቤት የሚገባው የፋይበር ገመድ ግን ብዙውን ጊዜ በውስጡ የብረት ሽቦ አለው፤ ስለዚህ እሱም ለብቻው ይሂድ።