ላሟ ትምጣ፣ በረዶው ይቅር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስክሪፕት ተቀብለው፣ ምስሉንም ራሳቸው ፈልገው ቪዲዮ የሚገጣጥሙ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ወደዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «የቱ ካሜራ ይሻላል?» ነበር። አሁን «ምስሉን እንዴት ልምረጥ?» ሆኗል። ለዚህ ወር ሦስት መርጫለሁ። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ናቸው። እኔም ቱሉ ዲምቱ ስለምኖር ሳላዳላ አልቀረሁም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሱሉልታ ነው። ቤተሰቦቼ የወተት ላሞች አሏቸው። እኔ ደግሞ ስለ መኖ፣ ስለ ማለብ፣ ስለ ጥጃ አያያዝ አጫጭር ቪዲዮ እየሠራሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ። ቀን ሥራ ስለምውል ወጥቼ መቅረጽ አልችልም። ማታ ጽሑፉን ለፕሮግራሙ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ምስል ከማከማቻ እያወጣ ይደረድራል፣ ድምፁን እኔ እቀዳለሁ። ችግሩ ምስሉ ነው። «በረቱን ከጭቃ አጽዱ» ስል በረዶ የወረደበት ቀይ የእንጨት ቤት ያመጣል። «ገበያ» ስል የአክሲዮን ግራፍ። አባቴ አይቶ «ይቺ ደሞ የማን አገር ላም ናት?» ብሎ ሳቀብኝ። ፊልተር የሚባሉትን የፍለጋ ማጣሪያዎችም ነካክቻለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ምን ይሻለኛል? — ሀ.፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ አባትሽ ጥሩ ዳኛ ናቸው። ቪዲዮውን ከመልቀቅሽ በፊት ሁሌ ለእሳቸው አሳዪ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ። ጽሑፍሽን በዓረፍተ ነገር ይቆራርጠዋል። ከእያንዳንዱ ላይ አንድ ሁለት ቃል ይመዛል። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ለውጦ እንደ ፔክሰልስና ፒክሳቤይ ወዳሉ የምስል ማከማቻዎች ይልካል። ከመጣለት ውስጥ ከላይ ያለውን ያነሳል። አለቀ። ላም አያውቅም፣ ጭቃም አያውቅም። ከላይ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብዙ ሰው የወደደውና ያወረደው ነው። የሱሉልታ ሰው ገና ብዙ አላወረደም።

ፊልተሩ ያልጠቀመሽ ለዚህ ነው። ፊልተር የመጣውን ይቀንሳል እንጂ ያልመጣውን አያመጣም። ወንፊት ጤፍ አያበቅልም። ስለዚህ ቃሉን አስቀድሚ፣ ፊልተሩ ይከተል።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች አንዱን ትዕይንት ስትነኪው የፍለጋ ሳጥን ይከፍቱልሻል። ማሽኑ የመረጠውን ቃል አጥፊና የራስሽን ጻፊ። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በአማርኛ ፍለጋ እነዚህ ማከማቻዎች ብዙም አይሄዱም። ሐሳብ ሳይሆን ዓይን የሚያየውን ነገር ጻፊ። «ንጽህና» ብትዪው ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሐኪም ይዞልሽ ይመጣል። «እጅ፣ ባልዲ፣ ውሃ» ብትዪው ግን የምትፈልጊው ጋ ትደርሻለሽ። ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ በምን። ሦስት አራት ቃል ይበቃል።

«ኢትዮጵያ» የሚል ጨምረሽበት ይሆናል። ማንም መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። ታዲያ የሚመጣው ላሊበላ፣ የሰሜን ተራሮች ጭላዳ፣ የኦሞ ሸለቆ ሰዎችና ጀበና ነው። ቱሪስት ካሜራውን የሚያነሳበት ቦታ ማለት ነው። ሱሉልታን ቱሪስት የሚያያት ወደ ደብረ ሊባኖስ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከሩቅ የተቀረጸውን ተዪው፣ ከቅርብ የተቀረጸውን ፈልጊ። የፍለጋ ቃልሽ መጨረሻ ላይ «ክሎዝ አፕ» የሚለውን ጨምሪ። ግት የያዘ እጅ፣ ባልዲ ውስጥ አረፋ የሚሠራ ወተት፣ የጥጃ አፍንጫ፣ መሬት የሚረግጥ ሸኮና። እንዲህ ያለው ምስል ከየት አገር እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። ደግሞ በእናንተ አካባቢ የሆልስታይን፣ የፈረንጇ የወተት ላም፣ ዲቃላ ብዙ ነው። ጥቁርና ነጭ ላም ብታሳዪ የሚደነቅ የለም። አባትሽን ያሳቃቸው ላሟ ሳትሆን ዙሪያዋ ነው የሚመስለኝ።

ዙሪያውን ማየት ልመጂ። ሁለቱም ጆሮዋ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ መለያ የተሰካባት ላም ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ናት፤ እዚያ በሁለቱም ጆሮ መለያ ማድረግ ሕግ ነው። ጭንቅላቷን ቁረጪና ግቷን አስቀሪ። ድርቆሽ ስትፈልጊ ደግሞ ሜዳ ላይ የተበተነ፣ ሰው የሚያህል ክብ ጥቅል ይመጣል። የሱሉልታ ድርቆሽ ክምር ነው፣ ካልሆነም ባለአራት ማዕዘን እስር። ክቡን ጥቅል ያየ ገበሬ ቪዲዮሽን እዚያው ላይ ያልፈዋል፤ ምክርሽ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን «ይሄ ለኛ አይደለም» ይላል። እፍኝ ሙሉ ደረቅ ሣር ከቅርብ ያሳየሽ እንደሆነ ግን ሣር ሣር ነው። ስለ ዋጋ ስታወሪም «ብር የሚቆጥር እጅ» ብለሽ እንዳትፈልጊ። ዶላር ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፊልተሩ እንምጣ። ቀድመሽ የምትነኪው አቅጣጫውን ነው። ለቲክቶክና ለዩቲዩብ ሾርትስ የቆመ ምስል ያስፈልግሻል፣ 1080 በ1920 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች)። አግድም የተቀረጸውን 1920 በ1080 አምጥተሽ ብታቆሚው፣ ከስፋቱ የሚተርፍልሽ 607 ፒክስል ገደማ ነው። ሲሶው ማለት ነው። ላሟ ወገቧ ላይ ትቆረጣለች፣ የተረፈውም ተለጥጦ ይደበዝዛል። የቆመ ምስል ካጣሽ መጠኑን 4ኬ ላይ አድርጊና አግድሙን ውሰጂ። ከ3840 በ2160 ላይ በቁመት ስትቆርጪ 1215 ፒክስል ስፋት ስለሚተርፍ ጥራቱ አይጎዳም። ከዚህ ውጪ 4ኬ ለስልክ ቪዲዮ ትርፍ ነው፤ ፉል ኤችዲ (1920 በ1080) ይበቃል።

ፒክሳቤይ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮንና አኒሜሽንን የሚለይ ምርጫ አለ። የተቀረጸውን ምረጪ፣ አለዚያ የካርቱን ላም እየዘለለች ትመጣለች። እዚያው ከታዋቂው ይልቅ አዲስ የተጫነውን አስቀድሞ የሚያሳይ አማራጭም አለ። እኔ እሱን ነው የምወደው፤ ታዋቂዎቹን ቪዲዮዎች ሰው ሁሉ አይቷቸው ሰልችቶታል። የሚከፈልባቸው እንደ አዶቤ ስቶክና ሹተርስቶክ ያሉት ደግሞ ሰው የሌለበትን ብቻ የሚያሳይ ፊልተር አላቸው። ላንቺ ይሄ ወርቅ ነው። አገርን ከሁሉ በፊት የሚያሳብቀው ልብስና ፊት ነውና። ፎቶ የምትጠቀሚ ከሆነ የቀለም ፊልተርም አለ። የጥቅምትን አረንጓዴ ሜዳና የመጋቢትን ቡኒ ሜዳ አንድ ቪዲዮ ውስጥ አትደባልቂ።

ፉርሽካና ፋጉሎን ግን እዚያ አትፈልጊ፤ ጊዜሽ ነው የሚያልቀው። እሱን አንድ እሑድ ጠዋት በስልክሽ ቅረጪው። እኔ ሰርግ ስቀርጽ ነው ያረጀሁት። ሙሽራ ፊቷን ታሳምራለች፣ እጇ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ከፊት ይልቅ እጅ ብዙ ያወራል። እናትሽ ሲያልቡ፣ አባትሽ ፉርሽካ ሲሰፍሩ፣ ስልኩን አቁመሽ፣ ሳታንቀሳቅሺ፣ አሥር አሥር ሰከንድ። ፕሮግራሞቹ የራስሽን ቪዲዮ መጫኛ ቦታ አላቸው። እዚያ አስቀምጪና በየፋይሉ ላይ ምን እንደሆነ ጻፊበት። በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን አንቺ ነሽ የምታቀብዪው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ጂም አለኝ። ለማስታወቂያ ቪዲዮ ከአንድ የሚከፈልበት ማከማቻ የሯጮች ምስል መረጥኩ። ከሥሩ «ለኤዲቶሪያል ብቻ» ይላል። ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ምን አገባቸው? — ተ.፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ያገባቸዋል። የከፈሉት ለምስሉ ሳይሆን ለአጠቃቀሙ ነው። «ኤዲቶሪያል» የተባለው ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለመሳሰለው ነው፤ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ አይሆንም። ምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች «ለማስታወቂያ ፈቅጃለሁ» ብለው አልፈረሙም፣ ወይም የሌላ ድርጅት ምልክት ይታያል። ሹተርስቶክም ጌቲም ኤዲቶሪያሉን ለይቶ የሚያስቀር ፊልተር አላቸው። ከመፈለግዎ በፊት እሱን ያብሩትና ምስሉን ሳይወዱት በፊት ይገላገሉ።

ነፃዎቹስ ካሉ፣ የፔክሰልስን ምስል ለንግድም ያለ ስም ጥቀሳ መጠቀም ይቻላል። ግን ፊቱ የሚታወቅን ሰው ምርትዎን የደገፈ ማስመሰል፣ ወይም በሚያሳፍር ነገር ላይ ማዋል ክልክል ነው። ይሄን የምለው የጂም ባለቤቶችን ስለማውቅ ነው። የማታውቁትን ፈረንጅ ለጥፋችሁ «በሁለት ወር 20 ኪሎ ቀነስኩ!» ታስብሉታላችሁ። እሱ አይሆንም። ዊኪሚዲያ ኮመንስ የተባለው ነፃ የምስል ማከማቻ ላይ የሚያገኙት ደግሞ ብዙው የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጥቀስ ይጠይቃል። ጎግል ላይ ምስል ሲፈልጉ የመጠቀም መብትን የሚለይ ምርጫ አለ፤ እሱን ሳይነኩ ያገኙትን ሁሉ ማንሳት የሰው ንብረት ማንሳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ የጂም ምስሎች በዝተዋል። ገመዱ የትም ያልታሰረ ማሽን፣ ክብደቱ በአንድ ጎን ብቻ የሆነ ብረት። ደንበኛዎ ብረት የሚያነሳ ሰው ስለሆነ ወዲያው ይይዘዋል። አዶቤ ስቶክ ላይ እነሱን ጨርሶ የሚያስወጣ ፊልተር አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮዬ ፈጬ የምኖር የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ዝግጁ ፕሮግራም ከመጠቀም ራሴ በፓይተን ኮድ ጻፍኩ። ጽሑፉን ይቆርጣል፣ ከፔክሰልስ ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚነጋገርበት በር) ቪዲዮ ያወርዳል፣ ይገጥማል። ግን አንዱ ቪዲዮ ሦስቴ ይደጋገማል፣ አንዳንዱ ድምፁ ሳያልቅ ያልቃል፣ ዳታዬንም በላው። — ቢ.፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ጎበዝ። ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

ፍለጋህ ላይ አቅጣጫውን «ፖርትሬት»፣ መጠኑን «ሚዲየም» አድርገው። ሚዲየም ማለት ቢያንስ ፉል ኤችዲ ነው። «ቢያንስ» የምትለዋን ልብ በላት፤ ዳታህን የበላችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የሚመለስልህ መልስ ውስጥ የተለያየ ስፋት ያላቸው በርካታ ፋይሎች አሉ። ኮድህ የመጀመሪያውን የሚያወርድ ከሆነ 4ኬው ሊደርስህ ይችላል። የእያንዳንዱን ስፋት አንብብና 1080 የሆነውን ውሰድ።

እዚያው መልስ ውስጥ የቪዲዮው ርዝመት በሰከንድ ተጽፏል። ከድምፅህ ቁራጭ የሚያንሰውን ሳታወርድ ጣለው። መለያ ቁጥሩም አለ። የተጠቀምክባቸውን ቁጥሮች አንድ ፋይል ላይ መዝግብ፣ የተመዘገበው ሲመጣ ዝለለው። ድግግሞሹ ይቆማል።

ወደ ማከማቻው የምትልከውን ጥሪ (የፍለጋ ጥያቄ) ማብዛት የለብህም። በአንድ ጥሪ እስከ 80 ውጤት መቀበል ትችላለህ፤ ካልነገርከው የሚሰጥህ 15 ነው። የፔክሰልስ መደበኛ ገደብ በሰዓት 200፣ በወር 20,000 ጥሪ ነው። ውጤቱን ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጠው። ፒክሳቤይን ከጨመርክ ደግሞ ውጤቱን ለ24 ሰዓት ማስቀመጥ ግዴታህ ነው።

የማከማቻዎቹ የቋንቋ ምርጫ ላይ አማርኛ ስለሌለ፣ ቃላቱን በማሽን ከማስተርጎም የራስህን ትንሽ ዝርዝር ሥራ። በግራ የአማርኛው ቃል፣ በቀኝ ዓይን የሚያየው ነገር በእንግሊዝኛ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አንዴ ከሠራኸው ግን ይኖራል። ከላይ ለሱሉልታዋ እህትህ የጻፍኩትን አንብበው።

ኮድህ ከላይ ያለውን አንድ ቪዲዮ ከሚያነሳ አምስቱን ያቅርብልህ። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጋር ትንሽ ፎቶ አብሮ ይመጣል፤ ፎቶዎቹን ብቻ ደርድረህ አንተ ምረጥ፣ ያኔ የተመረጠው ብቻ ይወርዳል። ዳታ የሚቆጥበው ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከየት እንደቆመ የሚያስታውስ ነገር ጨምርበት፤ ኮዬ ፈጬ ነው ያለኸው።

የኤፒአይ ቁልፍህን (ማከማቻው አንተን የሚለይበትን ምስጢር) ኮዱ ውስጥ ጽፈህ ከሆነ አውጥተህ በተለየ ፋይል አስቀምጠው። ጓደኞችህ እንዲያዩት ኮድ የሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ስትጭን አብሮ ይሄዳል፣ የሰዓቱን 200 ጥሪ ሌላ ሰው ይጨርስልሃል።