ቀይ ነው ወይስ ቡናማ? የአሮጌ ኬትል ግሪሎች ቀለምና ስም

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ታችኛው አካሉ ጎድጓዳ፣ ክዳኑ ደግሞ የተደፋ ጎድጓዳ ስለሆነው፣ በሦስት እግር ስለሚቆመው የከሰል መጥበሻ። በተለምዶ ኬትል ግሪል ይባላል። ጠያቂዎቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ የያዙት የአሜሪካውን የዌበር ሥራ ስለሆነ መልሶቻችንም ወደዚያው ያደላሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኬትል አግኝቻለሁ። ለእኔ ቡናማ ነው፤ ያዩት ሰዎች ግን ቀይ ነው ይሉኛል። «ሬድሄድ» የሚሉት ይሄ ነው ወይስ «ብራውኒ»?

መልስ፦ ሳይታጠብ ለቀለሙ ስም አይስጡት። የሥጋ ስብ ከጭስ ጋር ተቀላቅሎ በክዳኑ ላይ በተደጋጋሚ ሲጋገር እንደ ቫርኒሽ የጠነከረ ቢጫማ ቡናማ ሽፋን ይሆናል። በቀይ ላይ ሲያርፍ ቡናማ ያስመስለዋል፣ በሰማያዊ ላይ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፣ በጥቁር ላይ ግን ጨርሶ አያስታውቅም። «ብራውኒ አገኘሁ» ተብሎ ከታጠበ በኋላ ቀይ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙሉውን ማጠብ አያስፈልግም። ከክዳኑ ጎን አንድ ቦታ፣ ከታችኛው አካል ጎን ደግሞ ሌላ ቦታ ይምረጡና እያንዳንዱን 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጽዱ። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጀምሩ። ካልለቀቀ ሦስት እጅ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ እጅ ውሃ አቡክተው ይቀቡት፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው በፕላስቲክ መፋቂያ ይግፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው። የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ አንጸባራቂነቱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረው ቦታ ደግሞ ከዋናው ቀለም የገረጣ መስሎ እንደገና ያሳስታል።

ከዚያ በቀን ብርሃን ጥላ ሥር ያውጡትና ነጭ ወረቀት አጠገቡ አስደግፈው ይዩት። ፎቶ የሚያነሱም ከሆነ ወረቀቱ በፎቶው ውስጥ ይግባ፤ ፍላሽ አያብሩ። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶ ይዞ ስለ ቀለም መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ሬድሄድም ብራውኒም ሰብሳቢዎች ያወጧቸው የቁልምጫ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ለቀዩ፣ ሁለተኛው ለቡናማው። ሞዴልን አያመለክቱም። «ሬድሄድ» ያለ ሰው የነገረዎት ቀለሙን ብቻ ነው፤ መጠኑንም ሆነ የአየር መቆጣጠሪያውን ዓይነት አልነገረዎትም። ክሪምሰን ግን ዌበር ራሱ በቅርብ ዘመን ዕቃዎቹ ላይ የሚጠቀምበት የጥቁር ቀይ ስም ስለሆነ ለአሮጌ ቀይ ኬትል ባያውሉት ይሻላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ክዳኑና የታችኛው አካል ቅላታቸው በጥቂቱ ቢለያይ «ክዳኑ የሌላ ነው» ብለው አይደምድሙ። ሽፋኑ ቀለም ቅብ ሳይሆን ኢናሜል ነው፤ የመስታወት ዱቄት በብረት ላይ ተደርጎ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ እሳት የቀለጠ። ከቀለማት ሁሉ ቀይ ለምድጃው ሙቀትና ለቆይታው በጣም ስሱ ነው፤ ትንሽ ሲበልጥበት ይጠቁራል። ጥርጣሬ የሚገባው ልዩነቱ ከሩቅ ዓይን የሚስብ ሲሆን፣ ወይም አንዱ እንደ አዲስ እያበራ ሌላው ፈዝዞ ሲገኝ ነው።

ጥያቄ፦ ክዳኑ ላይ ባለው የአየር መክፈቻ ፊደል ታትሟል። የሞዴሉ ስም ምህጻር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የዓመት ኮድ ነው። ዌበር በክዳኑ አየር መክፈቻ ላይ ፊደል ማተም የጀመረው በ1979 ነው። እያንዳንዱ ኮድ የትኛውን ዓመት እንደሚወክል በሠንጠረዥ ይታያል እንጂ ከፊደሉ ብቻ በግምት አይነበብም። ፊደል ከሌለ ክዳኑ ከ1979 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ግን መክፈቻው ተቀይሮ፣ ወይም ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቶም ይሆናል። ስለዚህ «ፊደል የለውም፣ እንግዲያው የ1960ዎቹ ነው» የሚል ሻጭ ሲገጥምዎ ሌላ ማስረጃ ይጠይቁት።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ኮዱ የሚናገረው ስለ ክዳኑ ብቻ ነው። የአንድ መጠን ክዳን በሌላው ተመሳሳይ መጠን አካል ላይ ስለሚገጥም የ1980ዎቹ ክዳን በሌላ ዘመን አካል ላይ ተቀምጦ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው የሚብሰው ነው፦ መክፈቻው አሉሚኒየም ነው። የኦቭን ማጽጃ ውስጥ ያለው ኮስቲክ ሶዳ ኢናሜሉን ብዙም ሳይጎዳ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ኮዱ ደብዝዞ ከሆነ የእጅ ባትሪ ከጎን አጋድመው ያብሩበት። ካልታየ ስስ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ጎን በቀስታ ያጥቁሩት፤ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ዋን ተች፣ ማስተር ተች፣ ኦሪጅናል፣ ሲልቨር፣ ጎልድ... የእኔን እንዴት ልለየው? ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉኛል።

መልስ፦ ቢመስሉዎት አይገርምም፤ ጎድጓዳው ብዙም አልተቀየረም። የሚለያቸው ከሥሩና ከዙሪያው ያለው ነው። ስለዚህ ከቀለም ሳይሆን ከመጠን ይጀምሩ።

ዲያሜትሩን በቀጥታ መለካት ካስቸገረ የስፌት ሜትር በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ ጠምጥመው ያገኙትን ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 116 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ባለ 14.5 ኢንቹ ነው፤ 148 ገደማ ከሆነ ባለ 18.5፤ 179 ገደማ ከሆነ ባለ 22.5 ኢንቹ፣ ማለትም 57 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው። ከዚህ እጅግ የሚሰፋው ራንች የተባለው 37.5 ኢንች ስለሆነ እሱን ከሌላ ጋር የሚያምታታ የለም። ትንሹ በአጭር እግር የሚቀመጠው ስሞኪ ጆ ነው። እሱም ሁለት መልክ ነበረው፤ የአየር መግቢያው ከሥር ከሆነ ሲልቨር፣ ከጎን ከሆነ ጎልድ። አጭር እግር ኖሮት ባለ 18.5 ኢንች ከሆነ ጃምቦ ጆ ነው፤ እሱ አዲስ ስለሆነ አሮጌ ስሞኪ ጆ ብለው አይግዙት።

ባለ ረጅም እግሩን ገልብጠው ሥሩን ይዩ። ሦስት የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ ወሳኙ በምን እንደሚዘጉ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው የሚንሸራተት መዝጊያ ካለው ከዋን ተች በፊት የነበረው አሠራር ነው። አንድ እጀታ ሲያዞሩ ውስጥ ያሉት ሦስት ክንፎች አብረው ዞረው ቀዳዳዎቹን የሚዘጉና አመዱን የሚጠርጉ ከሆነ ዋን ተች የሚባለው ሥርዓት ነው። ልብ ይበሉ፣ ሥርዓቱን እንጂ ሞዴሉን አላልንም። ክንፎቹ በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ስላሉ እነሱን አይቶ «ሞዴሉ ዋን ተች ነው» ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ አመዱ የት እንደሚወርድ ይዩ። ከእግሮቹ መካከል የተንጠለጠለ ክፍት የአሉሚኒየም ሳህን ከሆነ በኋለኞቹ ዓመታት ዋን ተች ሲልቨር ይባል የነበረው ነው። የተዘጋና የሚነቀል ባልዲ ከሆነ ዋን ተች ጎልድ። የጎን ጠረጴዛዎች ከተጨመሩለት ፕላቲነም ይባል ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ስማቸው ተቀየረ፤ ሲልቨር ኦሪጅናል ኬትል፣ ጎልድ ኦሪጅናል ኬትል ፕሪሚየም ተባሉ። ስለዚህ «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል አይቶ የመጀመሪያው ዘመን ዕቃ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የተገላቢጦሽ ተሳስቷል፤ ከስሞቹ ሁሉ አዲሱ እሱ ነው።

ማስተር ተች ሌላው ወጥመድ ነው፤ አንድ ስም ለሁለት ዘመን ውሏል። አሮጌው የእንጨት እጀታ አለው። አዲሱን መሐሉ ክብ ሆኖ የሚነሳ ፍርግርግና የተዘጋ የአመድ ባልዲ ያጋልጡታል። ኬትሉ ከሥራ ጠረጴዛ ጋር አንድ ላይ ከተሠራ ደግሞ ፐርፎርመር ነው፤ አንዳንዱ ከሰሉን የሚያቀጣጥልበት ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ አለው።

በእግር፣ በጎማና በአመድ ሳህን ብቻ አይፍረዱ። ቶሎ የሚጠፉትም የሚተኩትም እነሱ ናቸው። ክንፎቹም ይተካሉ፤ አመድ እርጥበት ስቦ ውስጥ ከቆየ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክርና ብረቱን ይበላዋል። እጀታው አልዞር ካለ በጉልበት አያዙሩት፤ በሙቅ ውሃ አርሰው አመዱን መጀመሪያ ያላሉ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ኬትል በፎቶ ላኩልኝ። ጎማው ጠርዙ ነጭ ነው፣ አርማውም የድሮ ነው። የ1950ዎቹ ነው ይላሉ። እውነት ይሆን?

መልስ፦ ከገለጻው ስንነሳ የ2022 ነው። የመጀመሪያውን ኬትል ጆርጅ ስቲቨን የሠራው በ1952 ነው፤ ቺካጎ ውስጥ በዌበር ብራዘርስ ሜታል ወርክስ የውሃ ላይ ምልክት ተንሳፋፊዎች ይሠሩ ስለነበር የእነሱን ሉል ለሁለት ከፍሎ። ኩባንያው 70ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሆን ብሎ የ1950ዎቹን መልክ የያዘ ልዩ ዕትም አወጣ። ቀለሞቹም ሆት ሮድ የሎው፣ ሮክ ኤንድ ሮል ብሉ፣ ዳይነር ግሪንና ሆሊውድ ግሬይ የሚሉ ስሞች ነበሯቸው። የሥሩን ፎቶ ይጠይቁ፤ ክንፎችና አንድ እጀታ ካዩ ክርክሩ አለቀ።

ጥያቄ፦ የክዳኔ የውስጥ ቀለም እየተላጠ ምግብ ላይ ይረግፋል። ልጣለው?

መልስ፦ አይጣሉት፤ የሚረግፈው ቀለም አይደለም፣ የከሰለ ስብና ጥላሸት ነው። ኢናሜል እንደ ወረቀት አይላጥም፤ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ጠርዙ ስል ሆኖ ይሸረፋል፣ የተሸረፈበት ቦታም ይዝጋል። ቅርፊቱን ጣትዎ ላይ ቢያሹት ወደ ጥቁር ዱቄት ከተለወጠ ጥላሸት ነው። ክዳኑ ሲቀዘቅዝ በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ይፈግፉት። በጋለ ክዳን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ ኢናሜሉን የሚሰነጥቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ምንም ጽሑፍ የሌለው አረንጓዴ ኬትል አለኝ። ዌበር መሆኑን፣ ቀለሙም የራሱ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከቀለሙ እንጀምር። ጥጥ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማጥፊያ) ነክረው የማይታይ ቦታ ላይ ያሹ። ኢናሜል ምንም አይሆንም። አረንጓዴው ጥጡ ላይ ከመጣ በኋላ የተረጨ ቀለም ነው። ሳይነኩም የሚታይ ፍንጭ አለ፦ ቀለሙ በቡሎን ራስ፣ በእጀታ እግር ወይም በአየር መክፈቻው አሉሚኒየም ላይ አልፎ ከፈሰሰ ፋብሪካ አልሠራውም። ቀለሙን ለማንሳት ሲሉ ግን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን አይፈግፍጉ። ከሥሩ ያለው ኢናሜል በቀላሉ ይጎዳል፤ በተለይ ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ ኢናሜል ብዙ ጊዜ በካድሚየም ውህድ ስለሚቀለም ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ወደ ሠሪው ስንመጣ ማግኔት ያስጠጉ። የዌበር አካልና ክዳን ብረት ስለሆነ ይስባል። ካልሳበ በአሉሚኒየም የተሠራ የሌላ ሠሪ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ከሳበም ገና ነው፤ ሌሎችም በብረት ኬትል ሠርተዋል። ያኔ መለኪያው ያግዛል፦ ዙሪያው ከላይ ከጠቀስናቸው ቁጥሮች ከአንዱም ጋር፣ ወይም ከባለ 26.75 ኢንቹ ዌበር (213 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ጋር ካልገጠመ ዌበር የመሆን ዕድሉ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ፍርግርጎቹ ጠፍተዋል። ለ57 ሴንቲ ሜትሩ ስንት ስፋት ያለው ልግዛ?

መልስ፦ የላይኛው፣ ሥጋው የሚቀመጥበት፣ 21.5 ኢንች (54.6 ሴንቲ ሜትር) ነው። ታችኛው፣ የከሰሉ፣ 17 ኢንች (43 ሴንቲ ሜትር)። ለባለ 18.5 ኢንቹ ደግሞ 17.5 እና 13.5 ኢንች። የትልቁ የከሰል ፍርግርግና የትንሹ የሥጋ ፍርግርግ በግማሽ ኢንች ብቻ ስለሚለያዩ በዓይን ግምት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቀያይረው እነሱን ነው። ሜትር ይያዙ።