አንድ መስመር ትእዛዝ ሲቪ ላይ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ በአይቲ ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ለልምምድ በተመደብኩበት ቦታ 40 ኮምፒውተሮች ላይ ክሮም እንድጭን ታዘዝኩ። እየዞርኩ «ኔክስት፣ ኔክስት» ከምል ብዬ በሳይለንት ኢንስቶል (ምንም ሳይጠይቅ ራሱ በሚጭንበት መንገድ) የሚጭን የፓወርሼል ስክሪፕት፣ ማለትም ዊንዶውስ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች የያዘ ፋይል፣ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን «ይሄ እኮ አንድ መስመር ነው፤ ሲቪ ላይ ብታስገቢው ይስቁብሻል» አለችኝ። ለሲስተም አድሚኒስትሬተር ረዳትነት ልወዳደር ነው፤ ማመልከቻው በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። ልጻፈው? ወይስ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምሬ ሌላ ነገር ልሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጻፊው። ግን ዛሬ ባለበት ሁኔታ አይደለም።

ጓደኛሽ ስለ ርዝመቱ ያለችው ልክ ነው። የክሮምን የኤምኤስአይ ፋይል (የዊንዶውስ የመጫኛ ፋይል) ለኤምኤስአይኤግዜክ፣ ማለትም ይህን ፋይል ለሚጭነው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ሰጥቶ «ኪውኤን» (/qn) የምትለዋን የዝምታ ምልክት መጨመር ከአንድ መስመር አያልፍም። ለፋየርፎክስ ጫኚም ትልቁ «ኤስ» (/S) ይበቃል። ቀጣሪ የሚፈልገው ግን ያቺን መስመር የሚያስታውስ ሰው አይደለም። ሳይለንት ኢንስቶል ማለት መስኮት የለም፣ ጥያቄ የለም፣ የስህተት መልእክትም የለም ማለት ነው። ሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ያይ የነበረውን ሁሉ አሁን ማየት ያለበት ስክሪፕትሽ ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ሠርቻለሁ። ሁለት ፕሮግራሞችን በተከታታይ የሚጭን የባች ፋይል (በዊንዶውስ የቆየው የትእዛዝ ፋይል ዓይነት) ነበረን፤ ለወራት ያለ ችግር ሠርቷል። እኔ ወደ ፓወርሼል ቀየርኩት። ስክሪፕቱ «ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ፣ እኔም ለአለቃዬ ተጠናቋል አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ አላስቀምጥ አለን፤ ሁለተኛው ፕሮግራም ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የለም። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ባች ፋይል ኤምኤስአይኤግዜክ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ፓወርሼል ግን ጠብቅ ካልተባለ አስነሥቶት ብቻ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ስለዚህ አንደኛው ሳያልቅ ሁለተኛው ተነሣ፤ ዊንዶውስ ደግሞ ሁለት የኤምኤስአይ ጭነቶችን በአንድ ጊዜ አያስተናግድምና 1618 የሚል ቁጥር መልሶ አስቆመው። ቁጥሩ እዚያው ነበር፤ ስክሪፕቴ እንዲያነበው ግን አላዘዝኩትም ነበር።

አንቺም ከዚሁ ጀምሪ። «ስታርት ፕሮሰስ» የሚለውን ትእዛዝ «ዌይት» (እስኪያልቅ ጠብቅ) እና «ፓስ ስሩ» (ያስነሣኸውን መልሰህ ስጠኝ) ከሚሉት ጋር ተጠቀሚበት፣ ከዚያ የሚመለሰውን ኤግዚት ኮድ፣ ማለትም ጭነቱ ሲያበቃ ውጤቱን የሚናገረውን ቁጥር፣ ያዢ። 0 ከሆነ ተሳክቷል። 3010 ከሆነም ተሳክቷል፣ ሪስታርት ብቻ ይቀረዋል፤ ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ እንደገና ይጭናል። 1603 ከሆነ ጭነቱ ወድቋል፤ ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አይነግርሽምና ኤምኤስአይኤግዜክ ዝርዝር ሎግ (የሥራውን መዝገብ) እንዲጽፍ አስቀድመሽ እዘዢው። ሎጉ ሲበዛ ረጅም ነው፤ «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚለውን ፈልጊና ከእሱ በላይ ያሉትን መስመሮች አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

በቁጥሩ ብቻም አትርኪ። ከተጫነ በኋላ የብሮውዘሩን ቨርዥን ከራሱ ፋይል አንብቢና ከጠበቅሽው ጋር አስተያይ። ይህንኑ ፍተሻ ከመጫኑ በፊትም ካስቀደምሽው፣ ስክሪፕቱ ሁለት ጊዜ ቢሮጥ እንኳ ያለውን ነገር አይነካም። የጫኚውን ዲጂታል ፊርማ (ፋይሉ ከእውነተኛው አምራች መምጣቱን የሚያሳየውን ምልክት) ማረጋገጥም እዚሁ ይገባል፤ ያልታወቀ ፋይል በአድሚን ሥልጣን 40 ቦታ ላይ መበተን ቀላል ነገር አይደለም።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። ስክሪፕት በርቀት ሲላክ ብዙ ጊዜ የሚሮጠው በአንቺ ስም ሳይሆን ዊንዶውስ ራሱ በሚጠቀምበት በ«ሲስተም» አካውንት ነው። አንቺ የምታዪው የኔትወርክ ድራይቭ ለእሱ አይታየውም፤ ስለዚህ በእጅሽ ስትሞክሪው የሠራው «ፋይሉ አልተገኘም» ይልሻል። ክሮምም ያለ አድሚን ፈቃድ ሲጫን በአንዱ ተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው በዚያው ኮምፒውተር ሲገባ ብሮውዘሩን አያገኘውም። «ጭኛለሁ» «የለም» የሚለው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ይኸው ስለሆነ ነው። «ስክሪፕቱ ተሳክቷል ይላል፣ ተጠቃሚው ብሮውዘር የለኝም ይላል፤ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ይሉሻል። ኤግዚት ኮዱን፣ ሎጉን፣ የሮጠበትን አካውንት በተራ ካነሣሽ፣ ይህ ሰው ሥራውን ነክቶታል ብለው ያምናሉ።

ፓይተኑን ለአሁኑ ተዪው፤ በሳምንት የሚያዝ ነገር ጠያቂው ሁለት ጥያቄ ሲጠይቅ ያልቃል።

ሲቪሽ ላይ «ፓወርሼል እችላለሁ» አትበዪ፤ የሠራሽውን ጻፊ፦ «ክሮምን በ40 ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ሰው ንክኪ የሚጭን፣ ቨርዥኑን የሚያረጋግጥ፣ ያልተሳካበትን ኮምፒውተር ከነምክንያቱ የሚመዘግብ ስክሪፕት አዘጋጅቻለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ፍተሻውንና ምዝገባውን ስትጨምሪ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዳትጽፊው። ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ የምታስቀምጪው ከሆነም የተለማመድሽበትን ቦታ ፈቃድ ጠይቂ፣ የሰርቨር ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን አጥፊ። በስክሪፕት ውስጥ የተረሳ የይለፍ ቃል ያየ ቀጣሪ የቀረውን አያነብም።

ሳምንት ይበቃሻል። ዛሬ ማታ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርሽ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ላይ ንጹሕ ዊንዶውስ ጫኚና ስክሪፕትሽን ሆን ብለሽ አሰናክዪው፦ ኢንተርኔቱን ቁረጪ፣ ፋይሉን ከቦታው አንሺ፣ ሌላ ጭነት እየሄደ ሳለ አስነሺው። በእያንዳንዱ ምን ቁጥር እንደመለሰና ምን እንዳስተካከልሽ በአንድ ገጽ ጻፊና ከስክሪፕቱ ጋር አያይዢው። ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ያቺን ገጽ ላኪልኝ፣ አብረን እናያታለን።