«የአባቴ ካሴት ከባንዱ ጋር አልስማማ አለ»

ባለፈው እትም ሙዚቀኞች ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱትን ቅጂ ከነትዝታው እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከትዝታው ጋር ጥያቄም ስለያዙ ለዚህ ዓምድ መርጠናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ክራር እጫወታለሁ። ከሁሉ የምወደው ቅጂ አባቴ በ1972 ዓ.ም. ከአንድ ሙዚቃ ቤት አስቀድቶ ያመጣው የዋልያስ ባንድ ካሴት ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማቸውን ከጣቴ ጋር ያላመድኩት እሱን እያስደገምኩ ነው። በቅርቡ ከአንድ ባንድ ጋር ስለማመድ ግን የእኔ ዜማ ከእነሱ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በስልክ ያገኘሁት ቅጂም የሚስማማው ከእነሱ ጋር ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቼ ኖሯል?

መልስ፦ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ የሮጠው ካሴቱ ነው። የካሴት ክር የሚነበበው በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እየተጓዘ ሲሆን፣ ይህ ፍጥነት 6 በመቶ ያህል ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ዜማው በግማሽ ድምፅ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በሚቀዳበት ጊዜ የሚቀዳው ቴፕ ከዘገየ፣ ካሴቱ በኋላ በደህና ማጫወቻ ሲገባ ዘፈኑ ይፈጥናል። የአባትዎ ካሴት በቀጥታ ከሸክላው ሳይሆን ከሌላ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ፣ በየደረጃው የነበረችው ጥቂት ጥቂት ስሕተት ተደማምራ እርስዎ ዘንድ ደርሳለች ማለት ነው። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ እንዴት ያንቀላፋ እንደነበር፣ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተን ተጨማሪ ሁለት ዘፈን እንለምነው እንደነበር የዘመኑ ሰው አይረሳውም።

ደግነቱ ቅኝት በፍጥነት አይለወጥም። ትዝታ ትዝታ፣ ባቲም ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ የሚንሸራተተው የዜማው መነሻ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ የተማሩት አንድም አልባከነም፤ ከባንዱ ጋር ሲሆኑ የክራርዎን ክሮች በግማሽ ድምፅ ያላሏቸው። ካሴቱን በኮምፒውተር ማስተካከል ከፈለጉ ግን ዜማውን ብቻ ዝቅ የሚያደርገውን ሳይሆን ፍጥነቱንና ዜማውን አንድ ላይ የሚቀይረውን መንገድ ይምረጡ፤ ካሴቱ ሲፈጥን ሁለቱም አብረው ስለ ፈጠኑ፣ ሲመለሱም አብረው መመለስ አለባቸው። በዘፈኖቹ መካከል ፀጥ ሲል ከሥር የምትሰማ የኤሌክትሪክ እምምታ ካለችም ጆሮዎን ይስጧት። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ እምምታዋ ከዚህ ከፍ ብላ ከተሰማች ክሩ እየሮጠ ለመሆኑ አንድ ምልክት ትሆናለች፤ ነገር ግን በየትኛው ቅጂ ላይ እንደ ገባች ስለማይለይ በእሷ ብቻ አይፍረዱ። ከሁሉ የሚሻለው ማመሳከሪያ ከሸክላው የተወሰደ ቅጂ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» በተሰኘው የዋልያስ ሸክላ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፏል።

ስሕተቱን ማረም ፍቅሩን ማረም ነው ብለው ግን አይሥጉ። እኔ በወጣትነቴ ኪቦርድ የተለማመድኩበት አንድ ካሴት ነበረኝ፤ የአንደኛው ገጽ መጨረሻ ዘፈን ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ክሩ አልቆ የቴፑ ቁልፍ ጧ ብሎ ይነሣ ነበር። ሙሉውን ዘፈን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ያንን ጧታ እጠብቃለሁ፣ የቀረው ዘፈንም ሌላ ሰው የቀጠለው ይመስለኛል። ሙዚቀኛ «የምወደው ቅጂ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው በእጁ የነበረችውን ያችን አንዲት ካሴት ከነጉድለቷ ነው፤ ስለዚህ የአባትዎን ካሴት ሲያስተካክሉ ያልተነካውንም ቅጂ ለብቻው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የምወደው ቅጂ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን የተጫወተበት፣ እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ካሴት ነው፤ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ከቤታችን አይጠፋም ነበር። አሁን ወጣቶች «ፈረንጅ ያገኘው ካሴት» ሲሉ እሰማለሁ። እንዲህ መባሉ ተገቢ ነው?

መልስ፦ እኔ አልልም። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚያው ሲቀሩ ኃይሉም ቀረ። በ1985 በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ፣ ሁሉንም ብቻውን በመጫወት ካሴቱን ሠራ። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትስ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ባሳተመው ጊዜ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ኅትመቱ አርቲስቱን ወደ መድረክ መልሶታልና ውለታው የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር የነበረ፣ በእናትዎም ምጣድ ዳር ሲደመጥ የኖረ ካሴት ጠፍቶ አያውቅም፤ የሰፋው የአድማጩ ቁጥር ነው። ልጆቹ ሲጠይቁ ምጣዱንም ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ሳክስፎን ተጫዋች ነኝ፤ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እኅቴ ከጅዳ የድምፅ ደብዳቤ የላከችልን፣ የምወደውን የቆየ የባንድ ሙዚቃ በያዘ ካሴት ላይ ደርባ ቀድታ ነው። ደብዳቤው በአንደኛው ዘፈን መካከል ጀምሮ ሰባት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ከሥሩ ያለውን ሙዚቃ መልሶ ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ቴፑ አዲሱን ድምፅ ከመቅዳቱ በፊት የቀድሞውን ይደመስሳል፤ አልፎ አልፎ ከሥር የሚሰማው ቅሪትም ለመጫወቻ አይበቃም። ሙዚቃውን ከሌላ ቅጂ ይፈልጉ። የእኅትዎ ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ ስለሌለው፣ ዛሬውኑ በካሴቱ ራስ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ይስበሯቸው፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት ማንም አይቀዳበትም። ክሩ ከላላ በእስክሪብቶ ቀስ ብለው ያጥብቁትና፣ ሳያቋርጡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዘፈኑ የሚቆረጥበትንም ቦታ ጨምረው ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት።