በቁም ያለ ሰው ሲጻፍ

በዚህ ሳምንት የመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ናቸው። በዊኪፔዲያም ሆነ በሌላ መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ በሕይወት ስላለ ሰው እንዴት ይጻፍ?

«አንድ ባለሀብት በወንጀል ተጠርጥሮ ነበር ሲባል ሰማሁ። "ምንጭ ያስፈልጋል" ብዬ ላስገባው?»

አይሆንም ወንድሜ። ምንጭ የሌለው ክስ ጭራሽ አይገባም፤ ገብቶ ከተገኘም ወዲያው ይወጣል። ጆን ሲገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ወንድም ለሆኑት ለሮበርት ኬኔዲ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። ሮበርት ሲገደሉም አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሰው በዊኪፔዲያ ገጻቸው ላይ «በሁለቱ ኬኔዲዎች ግድያ ተጠርጥረው ነበር» ብሎ ጻፈ። የሥራ ባልደረባውን ለማሾፍ ነበር። ውሸቱ ከአራት ወር በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። የ78 ዓመት ሰው የወዳጃቸው ገዳይ ተብለው ሲያነቡት አስቡት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የወጣው ጥብቅ ደንብም የመጣው ከዚህ ጉድ በኋላ ነው።

«ዘፋኙ ማረፉን ፌስቡክ ላይ አየሁ። ቶሎ ላስተካክል?»

ቆይ። ቤተሰቡ ወይም የታመነ ዜና ማሰራጫ እስኪያረጋግጥ ጠብቅ። ጠዋት «ነበር» ብለህ ከሰዓት «ነው» ብትለው፣ መሃል ላይ እናቱ አንብባዋለች።

«የአንድን ሰው ብሔር ከአባቱ ስም ገመትኩ፤ ልጻፈው?»

እባክህ አትጻፍ! ስም ያወጣው አሳዳጊ ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ሃይማኖትም እንደዚሁ ነው። ሰውየው ራሱ በይፋ ካልተናገረውና ከሚታወቅበት ሥራ ጋር ካልተያያዘ ይቅር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ አንድ ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

«ስለ እኔ በተጻፈው ላይ የልደት ዘመኔ በስምንት ዓመት ተዛብቷል። ራሴ ላርመው?»

እህቴ፣ ይሄ የአቆጣጠር ጣጣ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ተወለደ ስንል በፈረንጆቹ አፕሪል 18 ቀን 1973 ነው። «1965» ብቻ ተጽፎ ካለፈ ሯጩን በስምንት ዓመት አስረጅተነዋል። የራስሽን ገጽ በራስሽ እጅ ከመነካካት፣ የታተመ ማስረጃ ይዘሽ በገጹ የውይይት ክፍል ጠይቂ። ቀኑና ወሩ እንዲታወቅ ካልፈለግሽና በሰፊው ካልታተመ ደግሞ፣ ዓመቱ ብቻ እንዲቀር ማመልከት ትችያለሽ።